ለማጇ፣ ዳገቷና የሌላ ሰው ወንበር

የአክስቴ ልጅ ድሬዳዋ ላይ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ሦስት ጊዜ የተግባር ፈተና ቀርባለች። ሁለቴ ወደቀች። በሦስተኛው አለፈች። ከምዝገባው እስከ ካርዱ ሰባት ወር ሄደ። የእኔ ሥራ አብሮ መዋል ነበር። ፎቶ ኮፒ አስነሳለሁ፣ ወረፋ እይዛለሁ፣ ውኃ እገዛለሁ፣ ስታለቅስ ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። እግረ መንገዴን ስልኬ ላይ ማስታወሻ ያዝኩ። ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች። የቀረውን ግን «አቦ ጻፈው፣ ሌላው እንኳ ይማርበት» ብላኛለች።

ፈተና መውደቅ ብርቅ አይደለም። ድሬ ላይ ሦስቴ አራቴ የወደቀ ሰው በየሰፈሩ አለ። እኔን ያስገረመኝ የወደቀችበት ምክንያት ነው። ሁላችንም «ዳገት ፈርታ ነው» ብለን ደምድመን ነበር። አሠልጣኟም መጀመሪያ እንዲያ ነበር ያለው። ሲጣራ ግን ሁለቱም ጊዜ ነገሩ የተበላሸው መኪናዋ ገና ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ በሩ በተዘጋ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

34 ዓመቷ ነው። ቀፊራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አላት። ዕቃዋን የምታመጣው ከታይዋን ነው። አገሩን ለማታውቁ፣ ታይዋን የድሬ የገበያ ሰፈር ነው፤ ለመግባት ፓስፖርት አያስፈልግም። በባጃጅ ትሄዳለች፣ ካርቶኖቿን በሁለት ባጃጅ አስጭና ትመለሳለች። ከትርፏ ስንቱ ለባጃጅ እንደሚሄድ ባሰላችው ቁጥር ትናደዳለች። ጅቡቲ የሚሠራው ወንድሟ ይህን ለዓመታት ሲሰማ ኖሮ አንድ ቀን ቪትዝ ገዛላት። ያገለገለች ናት፣ ግን ንጹሕ። ችግሩ ቤቱ ውስጥ መንዳት የሚችል ሰው አልነበረም። መኪናዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። ወር ሳይሞላ አክስቴ ሸራው ላይ በርበሬ ማስጣት ጀመረች።

የልጅቷ የመጀመሪያ ሐሳብ ብዙ ሰው የሚያስበው ነበር። ጎረቤት አንድ ሹፌር አለ። እሑድ ጠዋት ወደ መልካ ጀብዱ በኩል ሜዳ ይዟት ቢወጣ፣ በገዛ መኪናዋ ትለምዳለች፣ ከዚያ ፈተናውን ብቻ ትፈተናለች። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው።

አልሆነም፤ ደግሞም እሰይ አልሆነ። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የመለማመጃ ወረቀት አውጥተው ከአባታቸው ወይም ከባላቸው ጋር በቤት መኪና ሲለማመዱ ስለምንሰማ እዚህም እንዲያ ይመስለናል። የእኛ አሠራር ሌላ ነው። ሰውን ለማጅ የሚያደርገው ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ተቋም መመዝገቡ ነው። የሚለማመደውም በተቋሙ መኪና ነው። ከላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ጎኑ አሠልጣኝ አለ፣ በአሠልጣኙ እግር ሥር ሌላ ፍሬን አለ። የጎረቤቱ ሹፌር ጎበዝ ቢሆንም በቪትዟ በእሱ በኩል ምንም ፔዳል የለም። ሰው ቢገጭ ደግሞ ነገሩ በይቅርታ አያልቅም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ግን ፈቃድ የሌለው ሰው መሪ ይዞ ከተገኘ መድን ሰጪው የከፈለውን ይዞ ወደ ባለመኪናው ሊዞር ይችላል። ባለመኪናዋ ደግሞ እሷው ናት። ይህን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እና ስንት ነው ምዝገባው?» አለች።

ክፍያው በየተቋሙ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይጨምራል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ለናንተ ሲደርስ ውሸት ይሆናል። ሁለት ሦስት ቦታ ዞራችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። መኪናዋን አሳዩኝ በሉ። ለምን እንደምላችሁ በኋላ ይገባችኋል።

ምዝገባው ላይ የተጠየቀችው መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ከነዋናው፣ ጉርድ ፎቶና የጤና ምርመራ ወረቀት ነው። ለአውቶሞቢል ዕድሜ 18 ከሞላ ይበቃል። «እኔ 18 ሁለቴ ሊሞላኝ ነው» አለቻት ለመዝጋቢዋ።

ጤናው በአንድ ጠዋት አለቀ። ሐኪሙ አንድ ዓይኗን አስሸፍኖ ግድግዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች አስነበባት። በቀኝ ዓይኗ ሁሉንም ለቀመችው። በግራው የታችኛው ረድፍ ጭልም አለባት። መነጽር ታዘዘ። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖረች አላህ ይወቅ።

ያስቸገረው ወረቀቱ ነው። አያቷ መሐመድ ይባላል። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ «መሐመድ» ተብሏል። መታወቂያዋ ላይ «ሙሐመድ» ተብሏል። መዝጋቢዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ እስክሪብቶዋን ፊደሉ ላይ አድርጋ፣ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች። ድሬ ላይ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ማሐመድ፣ መሀመድ እያለ የማይጽፍ ማን አለ? ግማሹ ከተማ በዚህ ስም ተጠርቶ አቤት የሚል ነው። ተከራከርን። ዋጋ አልነበረውም። በኋላ ሳስበው መዝጋቢዋ ልክ ነች። ካርዱ አንዴ ከታተመ ስህተቱን ማቃናት የባሰ ነው።

መጀመሪያ ወደ ቀበሌ ሄድን። ቀበሌ የትምህርት ቤት ስህተት ከሆነ እዚያው ይታረም አለን። ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ አቧራ የጠጣ ሮስተር አወጣ። ገለጠ፣ ገለጠ፣ ጣቱን ስሟ ላይ አቆመ። ሮስተሩ ላይ «ሙሐመድ» ይላል! ስህተቱ የተሠራው ማስረጃው ሲገለበጥ ነው። አዲስ ማስረጃ ተጻፈላት። በዚህ ብቻ ሦስት ሳምንት ሄደ። ልትመዘገቡ ያሰባችሁ ወረቀታችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አድርጉት፤ ፋይዳችሁንም ጨምራችሁ። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ሁሉ ሳይቀር እዩ።

የክፍል ትምህርቱ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። የመንገድ ሥነ ሥርዓት፣ ምልክቶች፣ የመኪና ቴክኒክ፣ የአሽከርካሪ ባህሪ፣ የመጀመሪያ እርዳታ። አስተማሪው ቀልደኛ ወጣት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 17 ሜትር እንደምትጓዝ ሲያስረዳ፣ «ስድስት ባጃጅ ደርድሩ» አላቸው። «ስልክሽን አየት አድርገሽ ቀና እስክትዪ ስድስቱንም ጨፍልቀሻል» አለ። ይህቺን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ትናገራለች። ለእኔ ብቻ አምስት ጊዜ ነግራኛለች።

መኪና ከመነሳቷ በፊት የሚታየውንም እዚያ ነው የተማሩት። ባትሪ፣ መብራት፣ ዘይት፣ ውኃ፣ የጎማ ንፋስ፣ ነዳጅ። ድሬ ላይ ውኃው ቀልድ አይደለም። ሙቀቱ ሌላ ቦታ ሳይታወቅ የሚያልፈውን የራዲያተር ችግር እዚህ ያጋልጠዋል። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ፊትን ማስቀቀል ነው። የጎማ ንፋስም የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው።

ለጽሑፍ ፈተናው ስልኳ ላይ ጥያቄ ጭና ሌት ተቀን ትሸመድድ ነበር። ጥያቄውን ሳልጨርስላት «ሐ ነው» ትላለች። ምኑ ነው ሐ? አታውቅም፤ ሐ መሆኑን ብቻ ታውቃለች። የምርጫዎቹን ቅደም ተከተል እየቀያየርኩ ስጠይቃት ጉዷ ወጣ። እንደገና ከመጽሐፉ ጀመረች። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ያለው ቀድሞ የገባው ነው፤ ተገልብጦ የቆመው ሦስት ማዕዘን ቅድሚያ ስጥ ነው፤ ስምንት ማዕዘኑ ቁም ነው። ኮምፒውተር ላይ ተፈተነች፣ አንድ ጊዜ ገብታ አለፈች። ስለ ጽሑፉ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

አሁን ወደ መኪናዋ።

አሠልጣኟ ስልሳ የተጠጋ ሰው ነው። በጉርምስናው ድሬና ሐረር መካከል ፔጆ 404 ነድቷል፣ በኋላ ጅቡቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ይዟል። የድሮው አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ነበረው፤ አሁንም «አምስተኛ ነኝ» ይላል እንጂ የአዲሱን ምድብ ስም አይጠራም። ጋሼ ትለዋለች፣ ግን አንተ ትለዋለች። ድሬ ነው፤ እዚህ አንቱታ ብዙ ገበያ የለውም።

ልምምዱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከአራት ሰዓት በኋላ መሪው ራሱ ያቃጥላል። ከሰዓት ደግሞ ከተማው በርጫ ላይ ነው፤ ጋሼም እንደዚሁ። ቦታው ከዚራ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ በፕላን የተቆረቆረ ሰፈር ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ፣ መሬቱ ሜዳ። ለለማጅ ገነት ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ጠመዝማዛ ነው፣ ፍየል አለ፣ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅም። ጋሼ እዚያ የወሰዳት ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ጎበዝ ሆነች። ማርሽ ስትቀይር አይሰማም። ፍሬቻ አትረሳም። በኋላ ማርሽ ፓርክ ስታደርግ ከጠርዙ አንድ ስንዝር ላይ ታቆማለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል፤ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ዳገቱን የሚለማመዱት ሜዳው ላይ አፈር ተቆልሎ በተሠራች ጉብታ ነበር፤ እሷንም ቢሆን ትወጣት ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና የካቲት ውስጥ ነበር። ተራዋ 11ኛ ነው። መኪናዋ የምታውቃት አይደለችም፣ ያው ሞዴል ግን ሌላ። ከእሷ በፊት የወጣው ልጅ ቁመቱ ከጣሪያው ይጋጫል። ወረደ፣ ገባች። ቀበቶ አሰረች፣ አስነሳች። ጉብታዋ መሐል ላይ አቁሚ ተባለች። አቆመች። ተነሺ ተባለች። ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። እንደገና አስነሳች። እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ፍሬኑን ለቀቀችና መኪናዋ ወደ ኋላ ሁለት ክንድ ያህል ተንሸራተተች። ፈታኙ በራሱ በኩል ያዘው። «በቃ፣ ውረጂ እህቴ» አላት፣ ደግ በሆነ ድምፅ። ደግነቱ የበለጠ አስለቀሳት።

እንግዲህ ዳገት ነው አልን። ጋሼ ተቆጣ። «ከዚራ አበላሸሽ» አለ። በማግሥቱ ከደቻቱ አሸዋ ወደ ላይኛው መንገድ የምታወጣ አጭር ዳገት ላይ አቆማት። ወንዙ ውኃ የለውም፤ ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፣ የሚመጣ ቀን ግን ጉድ ነው፤ በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ጎርፉ ያደረገውን ድሬ አይረሳም። እዚያ ነው ጋሼ እስካሁን የማልረሳውን ነገር ያደረገው።

ባዶ ሃይላንድ አነሳ። ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ። ከኋላ ጎማው ሥር፣ ሁለት ጣት ርቀት ትቶ አጋደመው። «ጫማሽን አውልቂ» አላት። ባዶ እግሯን ፍሪሲዮኑ ላይ አደረገች። «ነዳጅ አትስጪ። ቀስ ብለሽ ልቀቂ። እግርሽ ይነግርሻል።» ለቀቀች፣ ለቀቀች። ድንገት የሞተሩ ድምፅ ወፈር አለ፣ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ቀና አለች፣ መሪው ሥር የሆነ መንቀጥቀጥ መጣ። «እዚያ! እዚያው ያዢ! እሱ ነው ባላንስ።» እዚያ ላይ የእጅ ፍሬኑን ስታወርድ መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። በፍሪሲዮኑ ብቻ ዳገት ላይ ቆመች። ነዳጅ ጨመር ስታደርግ እንደ ድመት ተነሳች። ሃይላንዱ ዝም። ያን ጠዋት ከሃያ ጊዜ በላይ ሞከረች። ሁለት ጊዜ ብቻ «ጧ!» አለ።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ ዲስክ ነው። ሙሉ ሲረገጥ ሁለቱ ይላቀቃሉ። ሙሉ ሲለቀቅ ይጣበቃሉ። መሐል ላይ ዲስኩ እየተንሸራተተ ግማሽ ጉልበት ያስተላልፋል። ሜዳ ላይ ይህን መሐል ሳታውቁትም መኪና ትሄዳለች፣ ይቅር ትላችኋለች። ዳገት ላይ አታልፋችሁም። ያቺ መሐል ደግሞ በየመኪናው ቦታዋ ይለያያል። ዲስኩ በተበላ መኪና ላይ ፔዳሉ ሊያልቅ ሲል ነው የሚይዘው፤ አዲስ ላይ ዝቅ ብሎ።

አሁን አበቃ አልን። መጋቢት መጨረሻ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረበች። ዳገቱን ወጣች፤ ሞተሩ እየጮኸ ቢሆንም ወጣች። እኔ ከአጥሩ ውጪ ዘልዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ማርሽ ፓርክ። ይህ የእሷ ትምህርት ነው፣ ተኝታ የምትሠራው። የኋላ ግራ ጎኗ ችካሉን ገጭቶ ጣለው።

ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

በዚያ ሳምንት ነው ደላላው የመጣው። ሱቋ በር ላይ ሻይ ይዞ ቁጭ ብሎ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ምን አደከመሽ? እኔ ጋ በሁለት ሳምንት ካርዱ እጅሽ ይገባል» አላት። ገንዘቡን ነገራት። እውነቱን ልናገር፣ እሷም አሰበችበት፣ እኔም አልከለከልኳትም። የከለከለችው አክስቴ ናት። ጀበና እያጠበች ሰማችን። ቀና ሳትል «አንቺ! ልጅ ብትገጪ ደላላው ይታሰርልሻል?» አለች። ጀበናውን ማጠቧን ቀጠለች። ጉዳዩ እዚያው ሞተ።

ጋሼ ጋ ተመለስን። በዚህ ጊዜ አልተቆጣም። በረንዳ ላይ አስቀመጣትና አንድ በአንድ ጠየቃት። ይህን ንግግር እንዳለ ጽፌዋለሁ።

«ወደ ኋላ ስትሄጂ ስፔኪዮው ላይ ምን ታየሽ?»

«ሰማይ።»

«ምን?»

«ሰማይ። እና የዛፍ ጫፍ።»

ጋሼ ሲጋራውን ከአፉ አወጣ። «ችካሉስ?»

«አልታየኝም። የለመድኩትን ያህል ገምቼ ጠመዘዝኩ።»

«ከአንቺ በፊት ማን ነበር?»

አሰበች። «አንድ ረጅም ልጅ።»

«የፊተኛው ጊዜስ?»

ዝም አለች። እኔ መለስኩላት። የፊተኛው ጊዜም ረጅም ነበር፤ ራሱ ጣሪያ የሚነካው።

ጋሼ ሳቀ። ከዚያ ተናደደ፣ በእሷ ሳይሆን በራሱ። ለረጅም ሰው የተስተካከለ ስፔኪዮ አጭር ሰው ዝቅ ብሎ ሲያየው ወደ ላይ ያሳየዋል። ለረጅም ሰው ወደ ኋላ የተገፋ ወንበር ላይ አጭር ሰው ሲቀመጥ ፍሪሲዮኑን በጣቱ ጫፍ ነው የሚደርስበት። በጣት ጫፍ ባላንስ አይያዝም። የካቲት ላይ ሞተሩ የጠፋባት ለዚያ ነው። መጋቢት ላይ ዳገቱን በጩኸት የወጣችውም ለዚያ ነው። ችካሉም ያው።

ታዲያ ለምን አላስተካከለችም? ክፍል ውስጥ ተምራለች እኮ። ጽሑፍ ፈተና ላይም ጥያቄው ነበር፣ መልሳዋለች።

ሁለት ምክንያት አገኘን። አንደኛው ራሷ የነገረችን ነው። «ፈታኙ ይጠብቃል፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ ወንበር ስጎትት ብውል ምን ይሉኛል ብዬ።» ይሉኝታ። ሴት ሆና ለመንዳት መምጣቷ ራሱ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ወንበር ጎትታ ጊዜ መውሰድ በጣም ከበዳት።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የማሠልጠኛው መኪና ወንበር አይንቀሳቀስም። ሐዲዱ ዝጎ ከፊተኛው ቦታ ላይ ተጣብቋል። ረጃጅሞቹ ተማሪዎች ጉልበታቸው መሪውን እየነካ ይነዳሉ፣ ያማርራሉ። እሷ አጭር ስለሆነች ልክክ ብሎላታል። በነዚያ ሁሉ ጠዋቶች አንድም ቀን ወንበር አስተካክላ አታውቅም! ስፔኪዮውንም ጋሼ ነበር ቀድሞ ገብቶ የሚያበጀው። የመኪናዋን ሁሉ ነገር በእጇ ስትለምድ፣ ይህን ብቻ በወሬ ነው የምታውቀው። መኪናዋን አሳዩኝ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ወንበሯን ጎትቱ፣ መስኮቷን አውርዱ፣ ቀበቶዋ መያያዙን እዩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ልምምድ ለአላፊ አግዳሚ እብደት ይመስል ነበር። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ከባልደረቦቹ መኪና ይለምናል። አንድ ቀን ነጭ ኮሮላ፣ በማግሥቱ ሌላ። ረጅም የሆንኩት እኔ ቀድሜ ገብቼ ወንበሩን ወደ ኋላ እገፋለሁ፣ ስፔኪዮውን አበላሻለሁ። እሷ ትገባለች። ጋሼ ሰዓቱን ይይዛል። እንድትፈጥን አይደለም፤ ከአንድ ደቂቃ በታች ከጨረሰች «ውጪ፣ እንደገና» ይላታል።

ወንበር፦ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጣ ጉልበቷ ትንሽ እጥፍ ማለት አለበት። ጀርባ፦ እጇን ስትዘረጋ የእጅ አንጓዋ መሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። የመሐል ስፔኪዮ፦ የኋላው መስታወት ሙሉ ይታይ። የጎኖቹ፦ የራሷ መኪና ጎን በቀጭኑ ብቻ ይታይ፣ የቀረው መንገድ ይሁን። ቀበቶ። ማርሽ ዜሮ መሆኑን ወዝወዝ አድርጎ ማየት። ከዚያ አስነስታ፣ ፍሬን እንደያዘች፣ ፍሪሲዮኑን አንዴ ቀስ ብሎ እስኪይዝ ለቆ መመለስ። «ሰላም በያት» ይላታል ጋሼ። «የት እንደምትይዝ ትንገርሽ።» ይህን በቀን አሥር ጊዜ ሠራች። አንዳንዱን ቀን መኪናዋ ከቦታዋ ሳትነሳ ሰዓቱ ያልቃል። እኔ በሆዴ «ገንዘባችን አለቀ» እላለሁ።

ደንገጎን አንዴ ልይ ብላ ለምናው ነበር። ወደ ሐረር ስትወጡ ያለውን ጥምዝምዝ ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። «ደንገጎን ካርድ ሳትይዢ አታይውም» አላት። እሱ ሲነዳ ጭነት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ሲወርድ አይቷል፤ ከዚያ በላይ አልነገረንም።

ሦስተኛው ፈተና ግንቦት ላይ ነው። ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ አስፋልቱን ያስተነፍሰዋል። ከእሷ በፊት የወጣው እንደ ልማዱ ረጅም ነው። ገባች። አየኋት፤ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ማንሻ ፈለገች። ጎተተች። አልበቃም፣ እንደገና ጎተተች። ስፔኪዮውን ነካች። ወደ ጎን ዞረች፣ የግራውን አየች፣ አስተካከለች። የቀኙን በመስኮት በኩል ፈታኙን ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለች። ፈታኙ «እህት፣ ቤት እየሠራሽ ነው?» አላት። ሰልፈኛው ሳቀ። አንገቷ ላብ በላብ ነው። መልስ አልሰጠችም። ቀበቶ አሰረች። አስነሳች። ፍሪሲዮኗን አንዴ ሰላም አለቻት። መኪናዋ ፔዳሉ ሊያልቅ ሲል ነው የምትይዘው፣ ዲስኩ የተበላ ነው፤ ይህን የነገረችኝ በኋላ ነው።

ዳገቱ ላይ አቆመች፣ ተነሳች። ከአጥሩ ውጪ ሆኜ የሌለ ሃይላንድ ጧ እስኪል ጠበቅኩ። አላለም። ፓርኩን አንድ ስንዝር ላይ አቆመች። ከተማው ላይ አንድ ባጃጅ ያለ ፍሬቻ ተጠምዝዞ ፊቷ ገባ፣ ቀስ ብላ ያዘች፣ ክላክስ እንኳ አላሰማችም። አለፈች። ጋሼ ሲሰማ «እኔም ወንበሩን አሠራዋለሁ» አለ። አሠራው አላሠራው አላውቅም።

ካርዱ የወጣ ቀን ግቢ ውስጥ በዓል ነበር። የአዋጁን ቃል ይዛ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» እያለች ጮክ ብላ አነበበችው። ሸራው ተነሳ። በርበሬው ወደ ምንጣፍ ተዛወረ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ከፊት። ልጅቷ ወንበር ጎተተች፣ ስፔኪዮ አበጀች፣ ቀበቶ አሰረች፣ የእኛንም አሳሰረች። አክስቴ «ድግሱ ሳይበርድ እንሂድ እንጂ!» አለች። አሁንም መልስ የለም። ደቂቃዋን ጨረሰች፣ አስነሳች፣ ከግቢ ወጣን። ሰፈሩ እጁን አውለበለበ። ቪትዟ ኦቶማቲክ እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች፤ እግሯ ግን አያውቅም። ጥጉ ላይ ስትደርስ ለመቆም አሰበች። ግራ እግሯ ለወራት እንደለመደው ፍሪሲዮን ሊረግጥ በሙሉ ኃይሉ ወረደ። እዚያ ያገኘው ፍሬኑን ነው። ቀበቶው ደረቴን ያዘኝ፣ የአክስቴ ነጠላ እኔ ጭንቅላት ላይ አረፈ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የነበረው ሳምቡሳ ሁሉ ወደ ፊት መጣ።

«ፍሪሲዮን የላትም እኮ!» አልኳት።

«አውቃለሁ!» አለች፣ ግራ እግሯን አጥፋ በወንበሩ ሥር እየደበቀች።